የብሩክታዊት ብልቃጦች

አማን ውስጥ፣ ጁበይሃ በሚባል ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለው ዳገት ላይ፣ አንድ ሦስተኛ ፎቅ ቤት በመስታወት የተዘጋ በረንዳ አለው። ጎረቤቶቹ በየበረንዳቸው ልብስ ያሰጣሉ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ብስክሌት ያከማቻሉ። በዚህኛው በረንዳ ግን ብሩክታዊት የምትባል የፍቼ ልጅ ብልቃጥ ስታገላብጥ ትውላለች። ውሏ ላይ የተጻፈው «የቤት ሥራ» ነው። ብልቃጥ ማገላበጥ ከመቼ ወዲህ የቤት ሥራ ሆነ የሚል ካለ እሷን ይጠይቃት፤ ጊዜ ይዞ ይምጣ እንጂ፣ ስለ ብልቃጦቿ ከጀመረች ቶሎ አትጨርስም።

አማን ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሰባት ልጆች ባሉበት ቤት ደክማ፣ ወገቧን ይዛ ወጣች። መክተቡ፣ ያው ሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ፣ ቀጥሎ የላካት እዚህ ቤት ነው። ሴትየዋ ዶክተር ናቸው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የተነገራት ይኸው ነበር። እሷም ሐኪም መስለዋት በገባች በሳምንቷ የጉልበቷን ሕመም አንድ ሁለት ብላ ዘረዘረችላቸው። ዶክቶራ ዓሊያ እስከ መጨረሻው ሰሟትና፣ በሽተኛ የሚባል ነገር በእጃቸው ነክተው እንደማያውቁ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመረምሩ የኖሩት መድኃኒቱን ራሱን እንደሆነ ነገሯት። ያም ሆኖ በማግስቱ የጉልበት ቅባት ገዝተው መጡ። ብሩክታዊት ሴትየዋን የወደደቻቸው ያን ቀን ነው።

ዶክቶራ ሠላሳ አንድ ዓመት መድኃኒት ቅመማ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሳሃብ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ አዲስ ማሽን ሲገዛ አሮጌውን የብርሃን መለኪያ፣ ፈሳሽ የሚውጠውን ብርሃን አይቶ ውስጡ ያለውን መድኃኒት የሚለካውን፣ ለሳቸው ሰጥቷቸው፣ ያ ማሽን በዳንቴል ተሸፍኖ እንደ ቴሌቪዥን በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ብሩክታዊት መጀመሪያ ሰሞን አቧራውን ብቻ ነበር የምትጠርገው። ቀስ እያለች ግን የዶክቶራ እጅ ሆነች። አሮጊቷ ያስባሉ፣ ያዝዛሉ፤ እሷ ትቀዳለች፣ ታገላብጣለች፣ ማሽኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ደብተር ላይ ትጽፋለች።

ሥራው ምን እንደሆነ ሁለተኛ ፎቅ ለምትሠራው ለጓደኛዋ ለሸምሲያ ስታስረዳት እንዲህ ነበር ያለቻት። ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ታደርጊያለሽ፤ በላዩ ኦክታኖል የሚባል፣ የከረመ ብርቱካን ልጣጭ የሚሸት ዘይት ትጨምሪያለሽ። ሁለቱ አይዋደዱም፤ ዘይቱ ላይ፣ ውሃው ታች ይቀመጣል። መድኃኒቱን ጨምረሽ ስታገላብጪው፣ መድኃኒቱ የሚያድርበትን ቤት ይመርጣል። ከዚያ ውሃው ውስጥ የቀረውን ትለኪያለሽ፤ የጎደለው ዘይቱ ጋ ሄዷል ማለት ነው። ሸምሲያ፣ ታዲያ ይህ ለማን ምን ይረባል ብትላት፣ የሰውም ገላ ውሃና ስብ ነው፣ ስቡን መሻገር ያልቻለ ማደንዘዣ ጥርስሽን አያደነዝዝም ብላ መለሰችላት። ሸምሲያ በቅርቡ ጥርሷን ያስነቀለች ስለነበረች ይህን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም።

አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ ልቡ ሁለት ነው። ውሃው ጎምዘዝ ሲል የኤሌክትሪክ ሙል ይይዝና ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ጉምዛዜው ሲቀንስ ሙሉን ጥሎ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ስለዚህ ውሃው ልክ እንደ ሰው ደም ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ትንሽ ከተዛነፈ ቁጥሩ ሁሉ ይዛነፋል። ዶክቶራ ውሃውን በትልቁ ጠርሙስ ካዘጋጁ በኋላ ቀለም የምትቀይር ቀጭን ወረቀት ይነክሩበታል። ወረቀቷ አረንጓዴ ከሆነች ደህና፤ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ከሄደች ጎምዝዟል። ይህን ማንበብ ለብሩክታዊትም አስተማሯት።

ማገላበጡ በቀስታ መቶ ጊዜ ነው፤ በኃይል ከተናጠ ውሃና ዘይቱ ወተት መስሎ ይቀላቀልና ለመለየት ቀን ይፈጃል። ብሩክታዊት መቶ ስትቆጥር ሐሳቧ እየሄደ ይጠፋባት ስለነበር የራሷን ዘዴ አበጀች፤ አርባ አንድ ኪርያላይሶን፣ ሌላ አርባ አንድ ኪርያላይሶን፣ ከዚያ አሥራ ስምንት ምርቃት። ዶክቶራ ከንፈሯን አይተው ምን እንደምትል ጠየቋት። ነገረቻቸው። ሃይማኖታቸው ሌላ ቢሆንም፣ ቁጥሩ መቶ እስከመጣ ድረስ ጸሎት ቢጨመርበት መድኃኒቱ ቅር አይለውም አሉ።

ባለፈው መስከረም ከውጭ አገር አንድ ደብዳቤ መጣ። የቆዩ መለኪያዎችን በአንድ ትልቅ ሠንጠረዥ የሚሰበስብ ተመራማሪ፣ ዶክቶራ በወጣትነታቸው ያሳተሙትን፣ ልቡ ሁለት ከሆኑት ወገን የሆነ የአንድ ድድ ማደንዘዣ ቁጥር ቢቻል እንዲያረጋግጡለት በትሕትና ጠየቀ። ቁጥሩ አርባ ስድስት ነበር፤ ውሃው ውስጥ አንድ እጅ ሲቀር ዘይቱ ውስጥ አርባ ስድስት እጅ። ዶክቶራ ያን ቁጥር ሲያገኙ ሰልማንን፣ አንድ ልጃቸውን፣ እርጉዝ ነበሩ። ደብዳቤውን እያነበቡ ደስ አላቸው። አርባ ስድስትማ በሁለት ሳምንት ይደገማል አሉ።

አልተደገመም። መጀመሪያ ሠላሳ ዘጠኝ ወጣ። ዶክቶራ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት፤ ያው ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ብልቃጦቹ ሳይጠሩ ቀርተው ይሆናል፣ እስቲ በደንብ ይታጠቡ አሉ። ይህ ነገር ብሩክታዊትን ነካት። እሷ የምትታማበት ብዙ ነገር ሊኖር ይችላል፤ በንጽሕና ግን ማንም አምቷት አያውቅም። በደንብ አጠበች። ሠላሳ አራት መጣ። አሁንም በደንብ ይታጠብ ተባለ፤ ክንዷ እስኪዝል አጠበች። ሃያ ስምንት ሆነ።

ከሃያ ስምንቱ በኋላ ዶክቶራ ስለ ብልቃጥ ማውራት ተዉ። ሌላ ነገር መጠርጠር እንደጀመሩ ብሩክታዊት ያወቀችው በትንንሽ ነገር ነው። ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ተመልሰው ያያሉ። መድኃኒቱን መዝነው ከጨረሱ በኋላ «መዝኛለሁ አይደል?» ይሏታል። እጃቸው መንቀጥቀጡን ለምደውታል፤ አሁን የፈሩት ራሳቸውን ነው። እናታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው የልጆቻቸውን ስም ረስተው ነበር የሞቱት። ሰልማን ከዶሃ በደወለ ቁጥር እሱ ጋ እንዲኖሩ ሲለምናቸው አራት ዓመት ሙሉ እምቢ ያሉት ሴት፣ አንድ ጠዋት ከዒዱ በኋላ እመጣለሁ፣ ቤቱም ይዘጋ ሲሉት ብሩክታዊት ወጥ ቤት ሆና ሰማች። እሷ ወደ መክተብ እንደምትመለስ ገባት። ግን እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ያስለቀሳት መክተቡ አልነበረም፤ የአሮጊቷ ድምፅ ነው። እንደዚያ ትንሽ ሆኖ ሰምታው አታውቅም።

በዚያው ሰሞን ዶክቶራ ከአራቱ ብልቃጦች ሦስተኛውን ከእጃቸው ጥለው ሰበሩት። አዲስ ተገዛ፤ ከካርቶኑ ሲወጣ ስለሚያበራ ዶክቶራ ራሳቸው በተጣራ ውሃ አለቅልቀው ከሌሎቹ ጋር አቆሙት። በማግስቱ ሲለካ ሦስቱ አሮጌዎች ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ሲሉ፣ አዲሱ አርባ አምስት አለ። ዶክቶራ ቁጥሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱን ብልቃጥ እንኳ በትክክል ማስሞላት አቃተኝ ብለው፣ አርባ አምስቷ ላይ መስመር እንድታሰምርባት አዘዟት።

ብሩክታዊት አሰመረች። ልቧ ግን አላሰመረም። አራቱንም ብልቃጥ የሞላች እሷ ናት፤ አራቱም ውስጥ የገባው አንድ ዓይነት ነው፤ መቶውንም በኪርያላይሶን ቆጥራለች። አዲሱ ብልቃጥ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ አጥባው አታውቅም።

እዚህ ላይ ስለ አማን ውሃ መናገር ግድ ነው። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ይሞላና ሳምንቱን ሙሉ በቁጠባ ይኖራል። ውሃው ደግሞ ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ይነጣል፣ ብርጭቆው ሲደርቅ ጉም ይለብሳል። ሸምሲያ ገና በመጀመሪያው ዓመት መድኃኒቱን አሳይታት ነበር፤ እዚህ «ሚልህ ለሙን» የሚሉት የሎሚ ጨው፣ ከየሱቁ የሚገዛ፣ ስኳር የሚመስል ነጭ ነገር። በሙቅ ውሃ አሟሙቶ ዕቃን መዘፍዘፍ ነው፤ ኖራው ድራሹ ይጠፋል። ብሩክታዊት ይህን ለማንቆርቆሪያ አውላ ሲያበራ አየችና ለብልቃጦቹም አዋለችው። ከዚያ በቧንቧ ውሃ ብታለቀልቀው ጉሙ ይመለሳል። የተጣራው ውሃ ደግሞ በጀሪካን ተገዝቶ ሦስት ፎቅ በሷ ትከሻ ነው የሚወጣው፤ እሱን እንደ ዘበት ማፍሰስ አልሆነላትም። አንድ ጊዜ ብቻ ለቅለቅ አድርጋ ትደፋቸዋለች። ፀሐይ ላይ ሲደርቁ ያበራሉ፤ እሷም በዚያ ትኮራ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት ዶክቶራ ሲተኙ፣ ከአሮጌዎቹ አንዱን አንስታ ትንሽ የተጣራ ውሃ ጨመረችና ወረቀት ነከረች። ወረቀቷ ወዲያው ቀላች። ከአዲሱ ብልቃጥ ነከረች፤ ቀለሟ ከጀሪካኑ ውሃ አልተለየም። ሌላ አሮጌ ሞከረች፤ ወረቀቷ እንደገና ቀላች፤ የሎሚው ጉምዛዜ አሮጌዎቹ ውስጥ ቀርቷል። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች እንደሚባለው፣ ብልቃጡን ላጥራ ብላ የሰው ልብ ስታደፈርስ መክረሟን ወጥ ቤት ቆማ አወቀች።

ወረደችና ለሸምሲያ ነገረቻት። ሸምሲያ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ብዙ ያየች ሰው ናት። ከዚህ በፊት አንድ የወርቅ ቀለበት ጠፍቶ፣ ቀለበቱ ሶፋ ሥር ሳይገኝ በፊት አብራት ትሠራ የነበረች ጓደኛዋ ሌባ ተብላ ከነሻንጣዋ ተባርራለች። ስለዚህ ምክሯ አጭር ነበር፤ ዝም አይነቅዝም። ከነገ ጀምሮ በደንብ አለቅልቂው፣ ቁጥሩ ራሱ ይስተካከላል፣ ማን ያውቅብሻል አለቻት። ብሩክታዊት ደረጃውን ስትወጣ ምክሩ ጥሩ መስሏት ነበር። አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል ግን አንድ ቀዳዳ አገኘችበት። ቁጥሩ ዝም ብሎ ቢስተካከል ዶክቶራ አያምኑትም፤ አርባ አምስቷን እንኳ አሰርዘዋታል።

በማግስቱ ልክ በሁለት ሰዓት ለማጠብ ስትነሳሳ ዶክቶራ ከኮምፒውተራቸው ፊት ሆነው ጠሯት። ተራ ልብስ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲ ይለብሱት የነበረውን ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል። ለዚያ ተመራማሪ መልሱን ጽፈዋል። በእንግሊዝኛ የጻፉትን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በዓረብኛ ነገሯት። ቁጥሩን መድገም እንዳልቻሉ፣ ያኔ ተሳስተው እንደሆነ ወይም ዛሬ አእምሯቸው እየከዳቸው እንደሆነ ለይተው መናገር እንደማይችሉ፣ ስለዚህ አርባ ስድስት ከሠንጠረዡ እንዲሰረዝ፣ ሌሎቹንም ቁጥሮቻቸውን ማንም እንዳያምን። ከዚያ እጃቸው ሌላ ቁልፍ እየነካ ስላስቸገራቸው፣ «ላክ» የሚለውን አንቺ ንኪልኝ አሏት።

ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች። መክተቡ ትዝ አላት፣ ኢቃማዋ፣ ያው የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊያልቅ ሁለት ወር እንደቀረው ትዝ አላት፣ የሸምሲያ ጓደኛ ሻንጣ ትዝ አላት። ጣቷን አነሳች።

«ዶክቶራ፣ ይህን አልነካም» አለች። «ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ብልቃጦቹን በሎሚ ጨው ነው የማጥባቸው።»

ዶክቶራ ዞረው አዩዋት። ብሩክታዊት እንዳትቆም ፈርታ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ ኖራውን፣ ዝፍዘፋውን፣ የተጣራውን ውሃ መቆጠቧን፣ የቀላችውን ወረቀት። ስትጨርስ አሮጊቷ የጠየቁት እሷ የጠበቀችውን አልነበረም።

«ስንት ማንኪያ?»

«መጀመሪያ አንድ። በደንብ ይታጠብ ሲሉኝ ሁለት አደረግሁት። እንደገና ሲሉኝ ሦስት።»

ዶክቶራ ደብተሩን ሳቡ። ሠላሳ ዘጠኝ ጎን አንድ፣ ሠላሳ አራት ጎን ሁለት፣ ሃያ ስምንት ጎን ሦስት ብለው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጻፉ። ማንኪያው ሲጨምር ቁጥሩ በሥርዓት ይወርዳል። ወረቀቷንም በዓይናቸው ማየት ፈለጉ፤ ነክራ አሳየቻቸው፤ ቀላች። ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይርገበገብ ጀመር። ብሩክታዊት አሮጊት አስለቀስኩ ብላ መሬቱ ቢውጣት ወደደች። እጃቸውን ሲያነሱ ግን እያለቀሱም እየሳቁም ነበር።

«ጥፋቱ ያንቺ ስለሆነ አላህ ይስጥልኝ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ እኮ እንደ እናቴ መሄዴ ነው ብዬ ነበር።»

ከጥፋቱ የራሳቸውንም ድርሻ አወጡ። ውሃው ከተገላበጠ በኋላም ይለካ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ብቻ ለክታችሁ አትመኑት እያሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ሲቆጡ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ራሳቸውን መጠርጠር ሲይዙ ውሃውን መጠርጠር ረሱ። በምን ታጥቢዋለሽ ብለውም አንድ ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። በደንብ እጠቢ ብቻ ነው ያሉት፤ እሷም በደንብ አጠበች።

ያን ቀን ብልቃጦቹ በተጣራ ውሃ ስድስት ስድስት ጊዜ ታለቀለቁ፤ ጀሪካኑ ባዶ እስኪሆን ብሩክታዊት ጥርሷን ነክሳ አፈሰሰችው። ከሰዓት ማሽኑ አጠገብ ዶክቶራ ጀርባቸውን አዙረው ቆሙ፤ ማየት አልቻሉም። እሷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አርባ አምስት። አርባ ስድስት። አርባ ስድስት። አርባ አምስት። ዶክቶራ በሁለተኛው ቁጥር ላይ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ ሰልማን ጋ ደውለው አልመጣም አሉት፤ ልጁ ምን ተፈጠረ ቢላቸው ሎሚ አሉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ልጁ ዛሬም በቅጡ የገባው አይመስልም።

ስልኩን ከዘጉ በኋላ ከመሳቢያቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ለሁለት ሊቀድዱት ታገሉ። እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው ለብሩክታዊት ሰጧት። ወረቀቱ ላይ ትልልቅ የዓረብኛ ፊደል ተጽፎበታል። ዓረብኛ በአፏ ብታቀላጥፈውም ማንበብ አትችልምና ምን ይላል ብላ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ ቀድደሽ ጣይው አሉ። እሷ ቆማ ስትጠብቅ፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡላት። ሃያ ስምንት የወጣ ቀን የጻፉት ነው፤ የጻፉትም ለራሳቸው፣ ሁሉን ረስተው ለሚነሱበት ጠዋት ነው።

«ስምሽ ዓሊያ ነው። ልጅሽ ሰልማን ይባላል፤ ደህና ነው፣ ዶሃ ነው ያለው። እዚህ ቤት የምታያት ልጅ ብሩክታዊት ናት። ሌባ አይደለችም፣ አትፍሪያት፣ አትጩሂባት። የምትሰጥሽን ብዪ።»

ብሩክታዊት ወረቀቱን ተቀብላ በቀድሞ እጥፋቱ መልሳ አጠፈችው፤ አልቀደደችውም። እሷ ጋ እንደሚቀመጥ፣ አያድርገውና የሚያስፈልግበት ቀን ከመጣ ራሷ እንደምታነብላቸው ነገረቻቸው። መቼ ማንበብ ተማርሽና አሏት። እስከዚያ ያስተምሩኛላ አለች።

አሁን ብልቃጦቹ ታጥበው ከተደፉ በኋላ በረንዳው ላይ ግማሽ ሰዓት የፊደል ትምህርት አለ። መማሪያቸው ያው ወረቀት ነው። ትምህርቱ እየሄደ ነው፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፤ መጀመሪያ አጥርታ ያነበበችው ቃል የመጨረሻውን፣ «ብዪ» የሚለውን ነው።